«ሊስን አፕ» ልበል ወይስ ይቅርብኝ?

የማታ_ፈረቃ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቨርጂኒያ ውስጥ ዌርሃውስ ነው የምሠራው። ማታ ሥራ ሳንጀምር ሁላችንም ኮንቬየሩ አጠገብ እንሰበሰባለን። ሱፐርቫይዘራችን እጁን አንዴ ያጨበጭብና «ኦልራይት፣ ሊስን አፕ!» ይላል። ወዲያው ጸጥ። ከዚያ ማን የት እንደተመደበ፣ የትኛው ፎርክሊፍት እንደተበላሸ፣ ስለ ሴፍቲ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ይናገራል። ጨርሶ ለመበተን ብዙ አይፈጅበትም።

አሁን እኔን ሊድ፣ ማለትም የቡድኑ መሪ፣ አድርገውኛል። ከሰኞ ጀምሮ ንግግሩን የማደርገው እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፣ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔም «ሊስን አፕ» ብል ያምርብኛል? መዝገበ ቃላት ስከፍት «በትኩረት አዳምጥ» ብሎ ያልፈዋል። ማን ለማን እንደሚለው አይነግረኝም። ከቡድኑ ብዙው ሐበሻ ነው፣ የኤል ሳልቫዶር ልጆችም አሉ። ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ፣ አባቴን በዕድሜ ይበልጣሉ። እሳቸው ፊት ቆሜ «ስማ!» ያልኩ እንዳይመስልብኝ። ያ «አፕ»ስ ምን ይሠራል? ጆሮ ይቆማል እንዴ?

ዳላስ_ነኝ

በል ባክህ። አሜሪካ ነው ያለኸው፣ ማንም ግድ የለውም። ለሹመቱ እንኳን ደስ አለህ።

መምህርት_ሐዋሳ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ግድ የለውም በሚለው ግን አልስማማም።

ከ«አፕ» ልጀምር። ጆሮ ይቆማል ያልከው ቀልድ ቢሆንም ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። «አፕ» ግስ ላይ ሲለጠፍ ሁልጊዜ «ላይ» ማለት አይደለም። አንዳንዴ ነገሩ እስከ መጨረሻው ይሁን ይላል። «ኢት አፕ» ሲሉህ ሳታስተርፍ ብላ ነው። «ድሪንክ አፕ» ደግሞ ጨልጠው። አንዳንዴ ንቃት ይጨምራል። «ዌክ አፕ»፣ «ሲት አፕ»፣ «ስፒክ አፕ» የሚባሉትን ተመልከት። የተኛው ይነሳል፣ የጎበጠው ቀና ይላል፣ የሚያንሾካሹከው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «ሊስን አፕ» ከእነዚህ ወገን ነው። የተበተነ ቀልባችሁን ሰብስቡና ወደዚህ አምጡ እንደማለት ነው።

ሰዋስዉ ላይ ተማሪዎቼ የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። «ሊስን ቱ ሚ» ትክክል ነው። «ሊስን አፕ ቱ ሚ» ግን አይባልም። «ሊስን አፕ» ብቻውን ይቆማል፣ ወሬው ከኋላው ይመጣል። ደግሞ ከትእዛዝነት እምብዛም አይወጣም። «ትናንት አይ ሊስንድ አፕ» ብሎ የሚያወራ ሰው አታገኝም ማለት ይቻላል። «ቴል ዘ ኪድስ ቱ ሊስን አፕ» ይባላል። እሱም ቢሆን ልጆቹን እዘዛቸው ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው። አማርኛ አክብሮትን ግሱ ውስጥ ይከተዋል። ስማ፣ ስሚ፣ ስሙ፣ ይስሙ። እንግሊዝኛ ይህ የለውም። «ሊስን» ለሕፃንም ለፕሬዚዳንትም አንድ ነው። ስለዚህ አክብሮቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የምትመርጠው አባባል ላይ፣ ድምፅህ ላይ፣ «ፕሊስ» መኖር አለመኖሩ ላይ። «ሊስን አፕ»ን ሰምተህ «ስማ!» ብለህ ከተረጎምከው ይከብድሃል። «እስቲ ስሙኝማ» ብለህ ከወሰድከው ይቀልልሃል። የሱፐርቫይዘርህ ቃና ወደ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ነጋሪት

መምህርት ሸጋ አድርጋ አስረዳች። እኔ በአገራችን ልንገርህ። ድሮ ገበያ መሃል ነጋሪት እየተጎሰመ «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባል ነበር አይደል? በቃ እሱ ነው። ነጋሪቱ የሱፐርቫይዘርህ ጭብጨባ ነው።

ልብ በል፣ አዋጅ ነጋሪው «ስማ» ሲል «እንዴት አንተ ይለኛል» ብሎ የሚቀየም አልነበረም። እዚያ ገበያ ውስጥ ቄሱም ባላባቱም አሉ። የተጠራው ሕዝቡ ነው። አንድን ሰው ለይቶ አልጠራም። «ሊስን አፕ»ም እንዲሁ ነው። ለጅምላ ስትለው አያስቀይምም።

ቀጥ_በል

አዋጅ ነጋሪው ከኋላው ንጉሥ ነበረው። እሱ ከኋላው ማን አለው?

ነጋሪት

ኤችአር።

የማታ_ፈረቃ

ሃሃ። እናመሰግናለን መምህርት፣ በጣም ገባኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይኸው ሱፐርቫይዘር ለብቻዬ ጠርቶ ሲያናግረኝ «ሊስን…» ብሎ ነው የሚጀምረው። «አፕ» የለበትም። ሊድ መሆኔን የነገረኝም እንዲያ ብሎ ነው። ልዩነቱ ድምፁን ከፍ ማድረግና ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው?

የሚኒያፖሊስ_ነርስ

አይደለም። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

«ሊስን» ብቻውን ሲመጣ የአፍ መክፈቻ ነው። «ሊስን፣ አይ ኖው ዩ አር ታየርድ፣ በት…» ይልሃል። የእኛ «ስማኝማ» ወይም «አየህ» ማለት ነው። ከኋላው ቁም ነገር ወይም የግል ጉዳይ ይከተላል። ለስለስ ሊል ይችላል። «ሉክ» ብሎ ከጀመረ ግን ተጠንቀቅ። እሱ ብዙውን ጊዜ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነው።

«ሊስን አፕ» ለብዙ ሰው ነው። አንድን ሰው ለብቻው አቁመህ «ሊስን አፕ» ካልከው ቁጣ ይሆናል። ፊልም ላይ ያለ መርማሪ ትመስላለህ። ወደ ላይም አይወጣም። ነርስ ሆኜ ለሐኪም «ሊስን አፕ ዶክተር» ብዬ አላውቅም፣ ማንም ሲል አልሰማሁም። «ኤክስኪዩዝ ሚ ዶክተር፣ ዱ ዩ ሃቭ አ ሰከንድ?» ነው የሚባለው። የፈረቃ መጀመሪያ ላይ ክፍሉን የምትመራው ነርስ ሁላችንንም ሰብስባ ስታናግረን ግን «ኦኬ ጋይስ፣ ሊስን አፕ» ትላለች፣ ማንም አይከፋውም። ያቺው ሴት፣ ያው ቃል። አቅጣጫው ነው የተለየው።

አለቃህን ስለ አንድ ነገር ማሳወቅ ስትፈልግ የሚያገለግልህ ሌላ አለ፣ «ኸድስ አፕ»። «ጀስት አ ኸድስ አፕ፣ ሩም ፎር ኢዝ አ ፎል ሪስክ» እንላለን። አራተኛ ክፍል ያለው በሽተኛ ሊወድቅ ይችላልና ቀድማችሁ እወቁ ነው። ይህኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል። ኢሜይል ላይም ያምራል።

አንተ ዌርሃውስ ስለሆንክ ይህን ያዝልኝ። ሰው በጩኸት «ኸድስ አፕ!» ካለ የስብሰባ ጥሪ አይደለም። የሚወድቅ ወይም የሚበር ነገር አለ ማለት ነው። አንገትህን ቀና አድርገህ «ምን አለ?» እያልክ አትቁም። ዞር በል። አዲስ የመጡ ልጆች ካሉህ ይህን ሰኞ ዕለት ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። ከ«ሊስን አፕ»ም በላይ ይጠቅማቸዋል።

የማታ_ፈረቃ

ይህን አላውቀውም ነበር። እጽፈዋለሁ።

ሎንዶን_ዝናብ

ከዚህ ወገን ደግሞ። «ሊስን አፕ» እዚህም ይገባቸዋል፣ ግን የአሜሪካ ጠረን አለው። እኔ ደጋግሜ የምሰማው «ሊስን አውት» የሚለውን ነው። ሐኪም ቤት ስትቀመጥ «ሊስን አውት ፎር ዩር ኔም» ይሉሃል። ስምህ እስኪጠራ ጆሮህን ጣል አድርገህ ጠብቅ ነው። ገና ያልመጣ ድምፅ ነው የምትጠብቀው። «ሊስን ፎር» ብትልም ያስኬዳል።

«ሊስን ኢን» የሚባልም አለ። እሱ የሰው ስልክ ወይም ወሬ ውስጥ ጆሮ ማስገባት ነው። ተፈቅዶልህም ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ስብሰባ ላይ ሳትናገር ለማዳመጥ ብቻ ስትገባ። ሳይፈቀድ ከሆነ ግን የእኛው ጆሮ ጠቢ ነው።

አይኤልትስ_ተፈታኝ

መምህርት፣ ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በሚቀጥለው ወር አይኤልትስ እፈተናለሁ። እነዚህን ሁሉ ልሸምድድ እንዴ? ሊስኒንጉ ላይ ይመጣሉ?

መምህርት_ሐዋሳ

አትሸምድጂ። የሊስኒንጉ ፈተና 4 ክፍል፣ 40 ጥያቄ አለው። ድምፁ ወደ 30 ደቂቃ ይሆናል፣ የሚሰማውም አንዴ ብቻ ነው። የሚያስቸግርሽ ትርጉሙን አለማወቅ አይደለም። አንዱ ጥያቄ አመለጠኝ እያልሽ ስታዝኚ ሦስቱ ያልፉሻል። ያመለጠሽን ትተሽ ወደሚቀጥለው ዝለይ።

እነዚህን አባባሎች ስፒኪንጉ ላይ በወጉ ብትጠቀሚባቸው ጥሩ ነው። «አወር ኮች ኦልዌይስ ቶልድ አስ ቱ ሊስን አፕ» ብትይ ያምራል። ራይቲንጉ ላይ ግን እንዳታስገቢው። እዚያ «ፔይ አቴንሽን ቱ» ይበቃሻል። ፈታኟን «ሊስን አፕ» እንዳትያት ብቻ።

አይኤልትስ_ተፈታኝ

😂 እሺ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሲያትል_የልጆች

እኔ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር። እዚያ «ሊስን አፕ» ብቻውን ብዙ አይሠራም፣ ልጆቹ ለመዱት። ስለዚህ መምህሯ «ዋን ቱ ትሪ፣ አይስ ኦን ሚ» ስትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዋን ቱ፣ አይስ ኦን ዩ» ይላሉ። መልስ መስጠት ስላለባቸው ወሬያቸውን ያቆማሉ። ብልሃቱ እሱ ነው። አፋቸውን በሌላ ነገር ትይዘዋለች።

ለትልቅ ሰው ይህን አትልም፣ ታውቃለህ። ግን ሐሳቡን መውሰድ ትችላለህ። «ጉድ ኢቭኒንግ ኤቭሪባዲ» በልና መልሳቸውን ጠብቅ። መልስ ከሰጡ በኋላ «ሊስን አፕ» ማለት አያስፈልግህም ይሆናል።

ቀጥ_በል

እኔ የምላችሁ ሌላ ነው፣ ማንም አልነካውም። ችግሩ እንግሊዝኛው አይደለም። ፈረንጁ ሽማግሌ ምንም አይመስላቸውም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል። የሚከፋው ሐበሻው ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሲለው «ሥራው ነው» ይላል። አንተ ስትለው «ትናንት አብሮን ሳጥን ሲጭን የነበረ ልጅ ዛሬ ሊያዝዘን» ይላል። አይቼዋለሁ። ሊድ በሆነ በሳምንቱ ምሳ ብቻውን የሚበላ ልጅ አውቃለሁ።

ዳላስ_ነኝ

ይቺ እውነት ናት። ያልኩትን አነሳለሁ።

ጋሼ_ሞገድ

ልጆች፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርምና ትንሽ ልበል።

ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ ነው። ቀጥሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይላል፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ነው። ዲያቆኑ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነው። ፊቱ የቆሙት አያቶቹ ናቸው። ግን ማንም «ይህ ልጅ እንዴት ያዝዘኛል» አይልም። የቆመበት ቦታ ነው ያናገረው። ከቅዳሴ ሲወጣ ያው ልጅ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል።

ቀጥ በል ያልከው ልክ ነው፣ መፍትሔው ግን ቃሉን መቀየር አይመስለኝም። ስብሰባው ላይ ሊድ ሁን። ብሬክ ላይ ደግሞ ጋሼ የምትለውን ጋሼ በል፣ ቡና ቅዳ። ሰው የሚቀየመው ስብሰባውን ብሬክ ድረስ ይዘህበት ስትመጣ ነው።

ቀጥ_በል

ጋሼ፣ ምሳሌዎ ጥሩ ነው። ግን ዲያቆኑን ሕዝቡ ያከብረዋል። ሊድን ማንም አያከብርም፣ በሰዓት ጥቂት ሳንቲም የተጨመረለት ሰው ነው። ቢያንስ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ካን አይ ጌት ኤቭሪባዲስ አቴንሽን፣ ፕሊስ» ቢል ምን ይጎድልበታል?

የሚኒያፖሊስ_ነርስ

ምንም አይጎድልበትም፣ ግን ረዘመ። ኮንቬየር እየጮኸ «ካን አይ ጌት» ብለህ «ፕሊስ» እስክትደርስ ግማሹ ወሬውን ቀጥሏል። «ሊስን አፕ» አጭር የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ጫጫታ ውስጥ ይሰማል። ረጅሙ አውሮፕላን ላይ ማይክ ይዘህ ያምራል፣ «ክቡራንና ክቡራት መንገደኞቻችን» እንደሚባለው።

ሽሮ_በቅቤ

የእኔ ጥያቄ ተቃራኒው ነው። ባሌ ሳወራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ይህን በእንግሊዝኛ ለአማካሪዋ እንዴት ልንገራት? «ሂ ደዝንት ሊስን» ብቻ ስላት የሚመዝን አልመሰለኝም።

መምህርት_ሐዋሳ

«ሂ ቱንስ ሚ አውት» በያት። ጆሮው ይሰማል፣ እሱ ግን ሆን ብሎ ይዘጋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ከዚህ በላይ የሚቀርበው አላውቅም።

ሆን ብሎ ካልሆነ ግን «ሂ ዞንስ አውት» ነው። እሱ በሐሳብ ጭልጥ ማለት ነው። ዓይኑ አንቺ ላይ ነው፣ ልቡ የለም። አንዱ ጥፋት ነው፣ ሌላው ድካም ሊሆን ይችላል። ለአማካሪዋ ስትነግሪ ብትለያቸው ይሻላል፣ ምክሩም ይለያያልና። የሚያዝበትን ቦታም አስተውይ። «ቱን አውት» የሚዘጋበትን ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ «ሚ» መሃል ገባ። «ዞን አውት» ማንንም አይፈልግም፣ ብቻውን ጭልጥ ነው። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲያመልጥሽ «ሶሪ፣ አይ ዞንድ አውት» ማለት ይቻላል። «ሶሪ፣ አይ ቱንድ ዩ አውት» ካልሽ ግን ጠብ ፈለግሽ።

ሽሮ_በቅቤ

እንግዲህ የእኔው ሁለቱንም ነው። ኳስ ሲኖር ቱን፣ ኳስ ሳይኖር ዞን።

ጋሼ_ሞገድ

«ቱን» የሬዲዮ ቃል ነው። የእናንተ ዘመን ሰው ቁልፍ ጠምዝዞ ጣቢያ ፈልጎ ስለማያውቅ ሊጠፋችሁ ይችላል። አየሩ ላይ ብዙ ጣቢያ በአንድ ላይ አለ። ሬዲዮው ሌላውን ሁሉ ትቶ አንዱን ይመርጣል። አንዱን መያዝ «ቱን ኢን» ነው። «ቱን አውት» ደግሞ ያንን ድምፅ አውቆ ማስወጣት።

የዶቼ ቬለ አማርኛ እ.ኤ.አ. በ1965 ጀመረ፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ በ1982። ያኔ የምናዳምጠው በአጭር ሞገድ ነበር። ጣቢያው ይንሸራተታል፣ ያፏጫል፣ ሌላ ቋንቋ ይገባበታል። ዜና ሲጀምር ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። «ሊስን አፕ» የሚል ሰው አላስፈለገንም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው፣ ጎረቤት «ሊስን ኢን» እንዳያደርግ። ሎንዶን ያልከው ቃል እዚህ ላይ በደንብ ይገባል።

ሎንዶን_ዝናብ

ጋሼ፣ ይቺን ለልጆቼ ልነግራቸው ነው።

የማታ_ፈረቃ

ሁሉንም አነበብኩ። እንዲህ ብዬ አዘጋጅቻለሁ፣ አርሙልኝ።

«ጉድ ኢቭኒንግ ኤቭሪባዲ። ኦልራይት ጋይስ፣ ሊስን አፕ ፕሊስ። አይ ሃቭ ትሪ ክዊክ ቲንግስ ፎር ዩ።» ከዚያ ምደባው፣ ከዚያ የተበላሸው ፎርክሊፍት፣ መጨረሻ ላይ የ«ኸድስ አፕ» ነገር።

መምህርት_ሐዋሳ

ጥሩ ነው። «ትሪ ክዊክ ቲንግስ» ማለትህ በተለይ ደስ አለኝ። ሰው መቼ እንደሚያልቅ ካወቀ ይታገሳል። «ጋይስ» ላይ ሴቶች ካሉ ብዙዎቹ ግድ የላቸውም፣ አንዳንዶች ግን አይወዱትም። «ፎክስ» ወይም «ቲም» ብትል ከክርክር ትድናለህ። ሽማግሌውንም «ፎክስ» ውስጥ ማስገባት ይቀልልሃል።

ሲያትል_የልጆች

እኔ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ሴፍቲውን መጨረሻ ላይ አታድርገው። መጀመሪያ ጸጥ ሲሉ ነው በደንብ የሚሰሙት። ምደባቸውን ከሰሙ በኋላ ልባቸው ወደ ቦታቸው ሄዷል። ምደባውን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ እሱን ለመስማት ሲሉ ሁሉንም ይሰሙሃል።

ቀጥ_በል

ይህ ምክር ከእንግሊዝኛው ሁሉ ይበልጣል። እኔም ድምፄን ሰጠሁ፣ «ፕሊስ»ዋ ስላለችበት ይሁን። «ሊስን አፕ»ን ግን አንዴ ብቻ በል። ሦስቴ የሚደጋግም ሊድ አይተናል። በሦስተኛው ማንም አይሰማውም።

የማታ_ፈረቃ

እሺ፣ ሴፍቲውን ወደ ላይ አወጣሁት፣ «ፎክስ»ም አስገባሁ። አንድ የቀረ ነገር አለ። ኤርባድ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ የሚቆም ልጅ አለ። ለእሱም «ሊስን አፕ» ልበል?

የሚኒያፖሊስ_ነርስ

ለእሱ ለብቻው አትበል፣ ከላይ ያልኩህን አስታውስ። ስብሰባው ሳይጀመር ጠጋ ብለህ «ሄይ ማን፣ ካን ዩ ቴክ ዚስ አውት ፎር አ ሚኒት?» በለው፣ ጆሮህን በጣትህ እያሳየህ። ሌላው ሳይሰማ። ፎርክሊፍት በሚዞርበት ቦታ ኤርባድ መፈቀዱን ደግሞ ሱፐርቫይዘርህን ጠይቀው። ከመጠየቅህ በፊት ኤርባድ የሚሰካ ልጅ እንዳለ ስታሳውቀው «ጀስት አ ኸድስ አፕ» ብለህ ብትጀምር ያምራል።